ለዶክተር የሠራሁት ነጭ መረብ

ስለ አሳ ማውጫ መረብ ላወራችሁ ነው። ሳቁ፣ ግዴለም፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። የሚቀርቡኝ ሰዎች ይህን ወሬ አንስቼ እንደማላውቅ ያውቃሉ። አሁን ግን ደከመኝ። ዕድሜዬም ሄደ፣ ዓይኔም መርፌ ውስጥ ክር መክተት ካቃተው ቆየ። ልናገረውና ይውጣልኝ።

ጊዜው የደርግ ነው። ነዳጅ በኩፖን፣ ራቅ ያለ መንገድ በይለፍ ወረቀት የነበረበት ዘመን። እኔ ነገሌ ቦረና ላይ ከወንድሜ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ የምውል ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ነስሩ እባላለሁ። አባታችን ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚያው የቀረ ነጋዴ ነው፤ እኛ ልጆቹ ግን የነገሌ ተወላጆች ስለሆንን ስንለምን በአማርኛ፣ ስንቆጣ በኦሮምኛ ነበር። ልመጻደቅ አይደለም፣ እጄ ግን ያውቅ ነበር። የመምህሩም ሱሪ፣ የመኮንኑም ኮት፣ የሙሽራውም ልብስ በእኔ በኩል ያልፋል። "ነስሩ የሰፋው ነው" ሲባል ስሰማ ደረቴ ይነፋል። ያ የእጅ ኩራት ነው በኋላ ጉድ የሠራኝ።

ባለቤቴ ራህመት ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት አንድ ወንድ ልጅ አርግዛ ሁለት ቀን ሙሉ አማጠች፤ ልጁ ሞቶ ተወለደ፣ እሷም በአላህ ቸርነት ለጥቂት ተረፈች። ስለዚህ ሁለተኛውን ስታረግዝ ሆዷ ገና ሳይገፋ ይዣት ሐኪም ቤት ሄድኩ። በከተማው ኦፕራሲዮን የሚያደርግ ሐኪም አንድ ብቻ ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ ዶክተር ልበላቸው። ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ዕረፍት የሚባል ነገር ስለማያውቁ ዓይናቸው ሥር ሁልጊዜ እንደጠቆረ ነው። ራህመትን ደጋግመው መረመሩና እኔን ለብቻዬ ጠሩኝ።

"የወገቧ አጥንት ጠባብ ነው፤ ልጁ በዚያ አያልፍም" አሉኝ። "ቀኗ ሲቃረብ፣ ምጥ ሳይጀምራት፣ በኦፕራሲዮን እናወጣዋለን። ምጥ ውስጥ ከቆየች ግን ለሁለቱም እፈራለሁ።"

ቀኑ ለአንድ ሰኞ ጠዋት ተቆረጠ። እኔም ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰኞ፣ የዶክተር እጅ፣ የራህመት ሆድ።

ሰው ለሚስቱ ነፍስ ምን ይሰጣል? በግ ልንዳ ብል አይቀበሉም። ሱሪ ልስፋልዎ ስላቸው "ያለኝ ይበቃኛል" ይላሉ። በመጨረሻ ራሳቸው መጡ። ሰኞ ሊደርስ ሰባት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ክብ ብረትና የእንጨት እጀታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና "ነስሩ፣ መረብ ትሠራልኛለህ?" አሉኝ።

ዶክተር አሳ ማጥመድ እንደሚወዱ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ይስቅባቸዋልም። በእኛ አገር አሳ የሚበላ የለም ማለት ይቻላል። ቦረና አሳን ከእባብ አይለየውም። "ዶክተሩ እባብ ሊያድኑ ወረዱ" ይባል ነበር ወደ ገናሌ ወንዝ በሄዱ ቁጥር። እሳቸው ግን አሳውን የሚያጠምዱት ለመብላት አይመስለኝም፤ ስልክም በሽተኛም የማይደርስበት ቦታ መቀመጡን ነው የሚወዱት።

ከኪሳቸው አንድ ትንሽ ሳጥን አውጥተው ከፈቱ። ውስጡ ከፕላስቲክ የተሠራ የውሸት አሳ አለ፤ ዓይን የተሳለለት፣ የሚያብለጨልጭ። ከሆዱ ሥርና ከጅራቱ ላይ ሁለት መንጠቆ ተንጠልጥሏል፤ እያንዳንዱ መንጠቆ ሦስት ሦስት ጫፍ አለው።

"ይህን አየህ? ሦስት አፍ ነው" አሉኝ። "የክር መረብ ውስጥ ከገባ አንዱን ስታላቅቅ ሌላው ይያዛል። አሳው ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅህም። ከተማርኩበት አገር ያመጣሁት መረብ የላስቲክ ነበር፤ መንጠቆ ላስቲክ ላይ አይጠመጠምም፣ ቢወጋውም ሳብ ስታደርገው ይወጣል። እሱ በዚህ ፀሐይ ተበጣጠሰብኝ። አንተ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቀጫጭን አድርገህ ቆርጠህ ሥራልኝ። ቀዳዳው ሰፋ ይበል፣ ጣት እንደልብ የሚያሳልፍ። ሆዱም ጥልቅ አይሁን። ማማር የለበትም።"

ማማር የለበትም አሉኝ እኮ! በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰማሁ።

በማግስቱ ከጋራዥ አሮጌ የውስጥ ላስቲክ አመጣሁና መቁረጥ ጀመርኩ። እጄ ጠቆረ፣ ሽታው አፍንጫዬን ያዘው። አንድ የማውቀው ፖሊስ በበረንዳው ሲያልፍ አየኝና "ነስሩ፣ ሱሪውን ትተህ በረባሶ መሥራት ጀመርክ እንዴ?" አለ። በረንዳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ውስጤ ግን አረረ። ከሁሉ የባሰብኝ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነው። ሚስቴን ከሞት የሚያወጣልኝን ሰው፣ ከተጣለ ጎማ የተሠራ ነገር ልስጣቸው? ምን ይሉኛል? ምን ይባላል? ላስቲኩን ወደ ጓሮ ወረወርኩት።

ከዚያ ምርጫ ውስጥ ገባሁ። የሽንኩርት ጆንያ አየሁ፤ ይተረተራል። የቀበሌው ወጣቶች አሮጌ የመረብ ኳስ መረብ ነበራቸው፤ ቀዳዳው እንኳን አሳ ዶሮ ያሾልካል። የወባ አጎበር ያዝኩ፤ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል። በመጨረሻ ከወንድሜ መጋዘን ነጭ የናይለን ሲባጎ አገኘሁ፤ ቀጭን፣ ጠንካራ፣ እንደ ሐር የሚያንሸራትት። ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ ሳልነካ ቋጠርኩት። ቀዳዳውን ጥቅጥቅ አደረግሁት፤ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ለእኔ የጥሩ እጅ ምልክት ነው። ሆዱንም ጥልቅ፣ ጠርዙንም ቀይ ጥብጣብ አደረግሁለት። አይ እኔ!

ራህመት በጎኗ ተጋድማ ታየኛለች። "ላስቲክ አላሉህም እንዴ?" አለችኝ።

"ላስቲክ ያሉት ለእኔ አዝነው ነው። እንዳልቸገር ብለው።"

"ሰውዬው የሚሉትን አያውቁም ልትለኝ ነው? የጠየቁህን ስጣቸው።"

"አንቺ ደግሞ ስለ ስፌት አትንገሪኝ" አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቅዳሜ መረቡን ይዤላቸው ሄድኩ። ዶክተር ተቀበሉኝና አዩት። አገላበጡት። ጠቋሚ ጣታቸውን ወደ አንዱ ቀዳዳ ሰደዱ፤ አልገባም። ቀና ብለው ፊቴን አዩ። እኔ ሕፃን ልጅ ስዕሉን አሳይቶ እንደሚጠብቀው ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ።

"በጣም ያምራል። እጅህ ይባረክ" አሉ።

"ላስቲኩን ተውኩት፣ ዶክተር። ይኼ አይሻልም?"

መረቡን አጠፍ እያደረጉ "ይሻላል" አሉኝ። ቀጥለውም "ነገ ገናሌ እወርዳለሁ። ከሰኞ በፊት አንድ ቀን ልረፍ፣ እጄም አእምሮዬም ይረፍ። አንተም አብረኸኝ ና፤ በሩ ላይ ስትንቆራጠጥ ሚስትህን እያስፈራሃት ነው" አሉኝ። ራህመት ከዚያ ዕለት ጠዋት ጀምሮ ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር።

እሑድ ማለዳ በሐኪም ቤቱ ላንድሮቨር ወረድን። የሚነዱት ራሳቸው ናቸው። ከሁለት ሰዓት በላይ አቧራና ድንጋይ ነው መንገዱ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ተቀበለን። ውኃው ቡናማ ነው፣ ይከብዳል፤ አዞ እንዳለበት ስለማውቅ ከዳሩ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ዶክተር ጫማቸውን አውልቀው ከዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አሉና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። አንድ ሰዓት ያህል ተኙ። እንዲያ የደከመ ሰው ሲተኛ አይቼ አላውቅም፤ አፋቸው ተከፍቶ፣ እጃቸው ሣሩ ላይ ወድቆ። ያን ቀኝ እጅ እያየሁ ነገ እዚህ እጅ ላይ ነው ያለነው እል ነበር።

ከነቁ በኋላ ዘንጉን ይዘው ቆሙ። የውሸት አሳውን እየወረወሩ ይስባሉ፣ ይወረውራሉ፣ ይስባሉ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ዘንጉ ጎበጠ። ዶክተር እንደ ልጅ ጮኹ። "መጣ! ነስሩ፣ መረቡን! ከሥሩ አግባው፣ ከጭንቅላቱ በኩል!"

እኔም ፍርሃቴን ረስቼ እስከ ጉልበቴ ገባሁና አፈስኩት። የክንዴን ያህል ወርቅማ አሳ ነው። ተሸክሜ ዳር ላይ ሳስቀምጠው መሬቱን በጅራቱ ይደልቀዋል። አንደኛው መንጠቆ አፉ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው፣ ከውሸት አሳው ጅራት ያለው፣ መረቤ ውስጥ ገብቷል። አሳው ሲንፈራገጥ መረቡ እየተጠመጠመ፣ መንጠቆው እየጠለቀ ሄደ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ አሳው፣ መንጠቆውና ሲባጎው አንድ ድውር ሆኑ።

ዶክተር ተንበርክከው አዩት። ከዕቃ ቦርሳቸው መቀስ አነሱ። "ልቁረጠው" አሉ።

"ምኑን?"

"መረቡን።"

"ኧረ ዶክተር! ገና ዛሬ ውኃ ነክቶ!" አልኳቸው። "ይተዉት፣ እኔ አላቅቀዋለሁ። ክር ማላቀቅ ሥራዬ አይደል?"

ይህን ቃል ከአፌ ባወጣሁበት ሰዓት ምላሴ ምነው በተቆረጠ! ዶክተር አዩኝ፣ መረቡን አዩ፣ መቀሱን መልሰው አስቀመጡ።

"እሺ። አንተ ግን አትንካው፣ መንጠቆ አታውቅም፤ ይወጋሃል። እኔ ልሞክረው" አሉ።

በግራቸው አሳውን ተጭነው፣ በቀኝ ጣቶቻቸው ከሲባጎው መሐል መንጠቆውን ይፈልጉ ጀመር። አንዱን ጫፍ አላቀቁ። ሁለተኛውን ሊያላቅቁ ሲሉ አሳው ባለ በሌለ ኃይሉ ዘለለ።

ዶክተር አልጮኹም። "እ!" ብቻ አሉ።

ያላቀቁት ጫፍ ከመዳፋቸው፣ ከጠቋሚ ጣታቸው ሥር ገብቶ ጠፍቷል። ሌላው ጫፍ አሁንም መረቡን እንደያዘ ነው። የፊተኛው መንጠቆ አሳው አፍ ውስጥ ነው። አሳው በተንፈራገጠ ቁጥር እጃቸውን ይጎትታል። እኔ አሳው ላይ ወደቅሁበት፤ ድንጋይ አንስቼ ጭንቅላቱን ደጋግሜ መታሁት። ጸጥ ሲል መቀሱን ይዤ ሦስት ቀን የቋጠርኩትን መረብ ቀደድኩት። ያን ጊዜ መቀሱ እንዴት ፈጠነ! ዓይኔ እንባ ሞልቶ ክሩ አይታየኝም፣ ግን እቆርጣለሁ።

ዶክተር ቁጭ ብለው እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ ይመረምሩታል። ጣታቸውን ትንሽ አጠፍ አደረጉና ፊታቸው ተቀየረ።

"ጅማቱን ይዞታል" አሉ። "ሌላ ቦታ ቢሆን ወደፊት ገፍተን ጫፉን በፒንሳ እንቆርጠው ነበር። እዚህ ላይ ከተገፋ ጅማቱን ይበጥሰዋል።"

"ዶክተር፣ ነገ ሰኞ ነው" አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

"አውቃለሁ፣ ነስሩ። መጀመሪያ ነገሌ እንግባ።"

ጣጣው ገና ነው። እኔ መኪና መንዳት አልችልም። እሳቸው በግራ እጃቸው መሪውን ይይዛሉ፤ ማርሹ ግን በቀኝ በኩል ነው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ማርሽ ቀያሪ ሆንኩ። ፍሪሲዮኑን ይረግጡና "ሁለት!" ይላሉ፤ እኔ በሁለት እጄ እጎትተዋለሁ። "አይደለም፣ ወደ ራስህ! አዎ። አሁን ሦስት!" መኪናው ይንገጫገጫል፣ ይጮኻል፣ ይቆማል። ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው ደረታቸው ላይ ይዘውታል፤ የውሸት አሳው ከመዳፋቸው ተንጠልጥሎ በዚያች በተሳለች ዓይኑ ያየኛል። መንገዱ በዘለለ ቁጥር ከንፈራቸውን ይነክሳሉ።

ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሩ ጠፋብን። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

"በእኔ ነው" አልኳቸው። "ላስቲክ ብለውኝ ነበር። እንዳላፍር ብዬ ነው፣ ዶክተር። ጎማ ይዤ ከፊትዎ መቆም አፍሬ ነው።"

"የእኔም ነው" አሉ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ። "ትናንት ጣቴ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ ሲል አውቄ ነበር። አይሆንም ማለት ነበረብኝ። እንደዚያ ደስ ብሎህ ቆመህ ሳይህ አፌ እምቢ አለኝ። ዛሬም መቀሱን ይዤ ነበር።" ከዚያ በግራ እጃቸው ሞተሩን መልሰው አስነሱ። "አንድ አስገባ፤ እንሂድ።"

ነገሌ የገባነው አሥር ሰዓት ገደማ ነው። በር ላይ የተቀበለችን ሲስተር ሎኮ ነበረች። ሎኮ የነገሌ ልጅ ናት፣ የቦረና፤ አብረን ነው ያደግነው። ማዋለድ ተምራ የተመለሰች፣ ስትስቅ ግቢው የሚሰማላት ሴት። "አካም ጂርቱ፣ ዶክተር? ናጋ?" ብላ ሰላምታ እየሰጠች፣ እየሳቀች መጣችና እጃቸውን ስታይ ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ።

መንጠቆውን ያወጣችው እሷ ናት። ዶክተር በማደንዘዣ የደነዘዘ እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው "እዚህ ቅደጂ፣ እዚህ ያዢ" ይሏታል። ከሰዓት በላይ ፈጀ። ሲያልቅ እጃቸው እስከ አንጓቸው ተጠቅልሎ፣ ጣቶቻቸው አብጠው ወጡ። ለስንት ቀን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

"በቀን የሚቆጠር አይመስለኝም" አሉኝ።

ከዚያ በሻኪሶ መንገድ ወደ ላይ፣ ሌላ ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ፣ ለሌላ ሐኪም መልእክት ተላከ። መልሱ ቶሎ አልመጣም። ራህመትን በመኪና ልንልካት ይለፍና ነዳጅ ስንለምን ሰኞ ነጋ። ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ራህመት "ነስሩ፣ ጀመረኝ" አለች።

ክፍሉ ውስጥ አራታችን ነበርን፤ ራህመት አልጋ ላይ፣ ዶክተር፣ ሎኮና እኔ። ራህመት የተጠቀለለውን እጅ አየች።

"ምን ሆነው ነው?" አለች።

"ትናንት ወንዝ ዳር ትንሽ አደጋ ደረሰብኝ። የራሴ ጥንቃቄ ጉድለት ነው" አሏት ዶክተር።

እሷ እሳቸውን ትታ እኔን አየችኝ። ዝም ማለት እችል ነበር። ሰውዬው ሸፍነውልኛል፤ የሚያውቅ የለም። ግን ያቺ ሴት ምጥ ይዟት፣ ማንን ማመን እንዳለባት በዓይኗ ስትፈልግ ሳያት አልቻልኩም።

"መረቡ ነው፣ ራህመት" አልኳት። "መንጠቆው መረቡን ያዘ። ሊቆርጡት ሲሉ እኔ ነኝ ያስተውኳቸው። እጃቸውን የበላሁት እኔ ነኝ።"

"ላስቲክ ብለውህ ነበር" አለች። ምጧ መጣና ዓይኗን ጨፈነች፤ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ጥርሷን ነከሰች። ሲለቃት ዶክተርን ቀጥ ብላ አየቻቸው። "ከአሁን በኋላ በዚህ ክፍል ውስጥ ማንም ከማንም ጋር እንዳይተዛዘን። እውነቱን ይንገሩኝ። በመኪና ብትልኩኝ እደርሳለሁ?"

ዶክተር እኔን አዩ፣ ከዚያ እሷን። "አትደርሺም" አሉ።

"እርስዎ መቁረጥ ይችላሉ?"

"አልችልም። ቢላውን መጨበጥ አልችልም። ሲስተር ሎኮ እየቆረጠች እኔ አጠገቧ ቆሜ መናገር እችላለሁ። ከዚያ ሌላ ያለን የለም።"

ራህመት ወደ ሎኮ ዞረች። "ትችያለሽ?"

ሎኮ እጆቿን ጋዋኗ ላይ ጠረገች። "ብዙ ጊዜ አጠገባቸው ቆሜያለሁ" አለች። "ቢላ ግን ይዤ አላውቅም። እፈራለሁ፣ ራህመት። እየዋሸሁሽ አይደለም፤ በጣም እፈራለሁ።"

"እፈራለሁ ካልሽኝ ይበቃኛል" አለቻት ራህመት። "አንቺ ቁረጪኝ።"

እኔን አስወጡኝ። ከበሩ ውጭ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ሳንቃ ስለነበር ሁሉም ይሰማል። የሐኪም ቤቱ ድሬሰር፣ ረዳታቸው፣ ገብቶ ማደንዘዣ ሰጣት፤ ድምፅዋ ቀስ በቀስ ጠፋ። ከዚያ የዶክተር ድምፅ ብቻ ቀረ። ሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት ሰው ያን ጠዋት ሌላ ሰው ሆኑ። "ዝቅ በይ። ዝቅ! አይደለም። አቁሚ፣ ስህተት ነው፤ አንሺው። አሁን። ገፋ አድርጊው፣ አትፍሪ። እንደዚያ አይደለም አልኩሽ!" ሎኮ በኦሮምኛ ለራሷ "ሂን ሶዳቲን፣ ሂን ሶዳቲን" እያለች ነው፤ አትፍሪ፣ አትፍሪ ማለቷ ነው። እኔ የማውቀው ዱዓ ሁሉ ጠፍቶብኝ "ያ ረቢ" ብቻ እያልኩ ግንባሬን ጉልበቴ ላይ ጣልኩ።

ከዚያ ልጅ አለቀሰ።

ሴት ናት። ሎኮ በሩን ከፍታ ስትወጣ ጋዋኗ ደም በደም ሆኖ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። "ሁለቱም አሉ" አለችኝና አጠገቤ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። እኔም አብሬያት። ዶክተር በር ላይ ቆመው የታሰረ እጃቸውን በሌላው እጃቸው ደግፈው ያዩናል።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ እንዴት ደስ ባለኝ። ለዘመዶቼ ብናገረው እዚህ ላይ ነበር የማቆመው። ለእናንተ ግን ልጨርሰው።

የዶክተር ጣት አልታጠፈም። ጅማቱ ተጎድቶ ነበር፤ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዱና ሳይመለሱ ቀሩ። ቢሮ ሥራ ተሰጣቸው ሲባል ሰማሁ። አንድ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ በግራ እጅ የተጻፈ በሚመስል ጽሑፍ "ልጅህን ሳምልኝ" ብለው መለሱልኝ። ነገሌ ከአንድ ዓመት በላይ ኦፕራሲዮን የሚያደርግ ሐኪም ሳይኖራት ቆየች። ሎኮም "የሚነግረኝ ድምፅ አጠገቤ ከሌለ ቢላ አልይዝም" ብላ ማለች።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲለምነኝ ቢውልም ለማንም የማይሆነውን ይሆናል አልልም። ኮቱ ካጠረው አጥሮሃል እላለሁ። ደንበኞች ሸሹኝ፤ ባለጌ ነው አሉኝ። እናንተ የምታነቡኝ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሰጧችሁ ነገር የማይሆን ከሆነ፣ የሰጪው ፊት ምንም ያህል ቢያሳዝናችሁ፣ አይሆንም በሉት። እናንተም ስትሰጡ የተጠየቃችሁትን ስጡ። የእኔና የዶክተር መተዛዘን ምን ያህል እንዳስከፈለ እኔ አውቃለሁ። የከፈልነው ግን እኛ ብቻ አይደለንም።

ልጄ ገና መዳህ የጀመረች ጊዜ ነው፤ አንድ የቦረና ሰው ወደ ሱቃችን መጣ። ወንድሜ ስላልነበረ እኔ ተነሣሁ። ሰውየው ቁመቱ ረዥም፣ ልብሱ አቧራ የጠጣ፣ ዓይኑ የቀላ ነው። ነጭ አቡጀዲ ስጠኝ አለኝ በኦሮምኛ። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቀው ራሱ ነገረኝ። ከመልካ ጉባ በኩል ሚስቱን ምጥ ይዟት በጭነት መኪና አምጥቷት ነበር። ሐኪም ቤቱ የሚቆርጥ ሐኪም የለንም ብሎ ወደዚያው ወደ ላይኛው ከተማ ላካት። በሻኪሶ መንገድ ላይ፣ ገና ሳይጋመስ፣ እሷም ልጁም ሞቱ። ይዟት ተመልሷል። መኪናው ላይ ናት አለኝ፤ በእጁ አሳየኝ።

ጨርቁን ለካሁ። ሁለት ጊዜ አበላሽቼ እንደገና ለካሁ። ሐኪሙን ማን እንዳሳጣው አፌ ላይ መጣ፣ መልሼ ዋጥኩት። እውነት ተናገሩ ብዬ አሁን የምመክራችሁ እኔ፣ ለዚያ ሰው አልተናገርኩም። ዋጋውን አልቀበልም ብቻ አልኩት።

ሰውየው ጨርቁን ብብቱ ሥር አደረገና ወደ ታች አየ። ልጄ ከስፌት መኪናው ሥር ወጥታ የእሱን ጫማ ይዛ ልትቆም ትታገላለች። ጎንበስ ብሎ ራሷን ዳበሳት። "ዋቃ ሲፍ ሃ ጉዲሱ" አለኝ፤ እግዚአብሔር ያሳድግልህ ማለቱ ነው።

አሜን አልኩት።